ፓርላማው እረፍት ላይ በነበረበት ክረምት

የያዙኝ ከምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ማሽኑ ገና እየሞቀ ነበር፤ አንዲት ሴት የልጇን የልደት ሰርተፊኬት ልታባዛ ቆማ ትጠብቃለች። ሁለት የታጠቁ ሰዎችና አንድ ሲቪል የለበሰ ገቡ። ሲቪል የለበሰው፣ "የዚህ ቤት ሠራተኛ አንቺ ነሽ?" አለኝ።

"ካልሆንኩ እዚህ ምን እሠራለሁ?" አልኩት።

ይሄ መልስ ይሆን ወንጀሌ ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። ሌላ ወንጀል እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ማሽኑን አጥፍቼ እንድወጣ እንኳ አልፈቀዱም። ስወጣ ዞር ብዬ ሳይ ሴትየዋ ሰርተፊኬቷን ከመስታወቱ ላይ ለማንሳት ትጣደፋለች።

ያስገቡኝ እስር ቤት አይደለም፤ እስር ቤቱ ሞልቷል። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ፣ በአዲስ አበባው አስፋልት ዳር ያለ የማዳበሪያ መጋዘን ነው። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ከጣሪያው ሥር አንድ ጠባብ ክፍተት አለች። ማዳበሪያው ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን አልወጣም። ዓይን ይቆጠቁጣል፤ ምራቅ ሲውጡት ጨው ጨው ይላል። ክረምት ስለነበር ወለሉ ያልበዋል፤ በየስንጥቁ የቀረው ዱቄት ረጥቦ እግር ሥር ይገባል፤ እግሯ የተሰነጠቀ ሴት ሁሉ ስትራመድ ጥርሷን ትነክሳለች። በዚያው ዓመት ገበሬው ማዳበሪያ አጣሁ እያለ ሲጮህ ነበር። እኛን ግን ተርፎ ያቃጥላል።

በሩ ተከፍቶ ስገፋ ከውስጥ አንዲት ወፍራም ሴት፣ "ግቢ፣ ግቢ! ማዳበሪያው አልቋል፤ አሁን የሚከፋፈል ሰው ነው" ብላ ሳቀች። በኋላ ሳውቃት ጠላ ሻጭ ናት። ቤቷ የጠጣ ሰው ባወራው ወሬ ነው የታሰረችው። ያን ቀን እኔ አልሳቅሁላትም። አሁንም ትዝ ሲለኝ መሳቅ ይሁን መጮህ የሚሻለው አላውቅም።

ከሴቶቹ ሁሉ ትልቋ የቁይ ከተማ ባለሱቅ ነበሩ። ጫማ፣ ባትሪ፣ ስኳር፣ የገበያ ሸቀጥ ነው የሚሸጡ። ሙስሊም ናቸው፤ ሁላችንም "እትዬ" እንላቸዋለን። ለጫካ ሰዎች ጫማ ሸጠዋል ተብለው ነው የመጡት።

"ሸጠዋል?" አልኳቸው በመጀመሪያው ቀን። አፌ እንዲህ ነው፤ አይጠብቅም።

"እግር አይቼ ነው ጫማ የምሸጥ" አሉኝ። "የሰው ሐሳብ በምኔ አያለሁ? ቁጥሩን ይነግሩኛል፣ እሰጣለሁ።"

ከእሳቸው ጎን የምትተኛው ከጉንደ ወይን በኩል የመጣች ገበሬ ናት፤ ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች። ባሏን ፈልገው ሲያጡት እሷን ወሰዷት። "ባልሽ ሲመጣ ትወጫለሽ" ነው ያሏት። ሆዷ ገፍቷል። ወሩን አፍ አውጥታ ለመናገር ታፍራለች፤ እትዬ ግን በዓይናቸው አይተው "ሰባት አልፏታል፤ ስምንቱን ይዛለች" አሉ። ስመጣ እግሯ አብጦ ነበር፤ በጣት ሲጫኑት ጉድጓዱ አይሞላም። ቀጥሎ ፊቷ አበጠ። ቀጥሎ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ፣ "ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል" ማለት ጀመረች። እትዬ ይሄን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ።

"የእህቴን ልጅ እንዲህ አድርጎ ነው የወሰዳት" አሉኝ ቀስ ብለው፣ እሷ እንዳትሰማ። "ብልጭታው ከመጣ በኋላ ብዙም አልቆየች። ይቺ ልጅ ሐኪም ካላገኘች ትሄድብናለች።"

በሩን ደበደብኩ። ጠባቂው መጣ። ነገርኩት። "ለኃላፊው እነግራለሁ" አለ። ኃላፊው መጣ፤ ከበሩ ሳያልፍ ሰማኝና፣ "ታሳሪ ለማስወጣት ከላይ ፈቃድ ያስፈልጋል" አለ። በማግስቱ ደበደብኩ፤ ከላይ ፈቃድ። በሦስተኛው ቀን ደበደብኩ፤ ጠባቂው በዱላው ቆርቆሮውን መልሶ ደበደበልኝ። እኔ ከውስጥ፣ እሱ ከውጭ። ነፍሰ ጡሯ ጆሮዋን ይዛ፣ "እባክሽ እህቴ፣ ተይው፤ ራሴን ነው የምትመቺው" አለችኝ። ተውኩት።

ከዚያ አንድ ጠዋት ኃላፊው ራሱ በሩን ከፍቶ ገባ። ተላጭቷል። "እንግዳ ይመጣል" አለ። "ከፓርላማ ነው። አያያዛችሁን ሊያዩ ነው። አንድ ሰው ምረጡና እሷ ብቻ ትናገር። ሁላችሁም ከተንጫጫችሁ ተመልሰው ይሄዳሉ። እርስዎ" አለ ወደ እትዬ ዞሮ፣ "ትልቅ ስለሆኑ መጨረሻ ላይ ይመርቃሉ።"

"እሺ" አሉ እትዬ።

እንደወጣ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ባለፈው ምርጫ በምርጫ ጣቢያ አስፈፃሚ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ሳጥን ከፍቼ ባዶነቱን ለታዛቢ አሳይቻለሁ፣ የመራጭ ጣት ቀለም ቀብቻለሁ፣ ድምፅ ጮክ ብዬ ቆጥሬያለሁ። ለእነሱ እኔ የመንግሥት አዋቂ ነኝ።

"ፓርላማው ነው የሚመጣ?" አለች ጠላ ሻጯ። "በሙሉ?"

"በሙሉ የት ይገባል? ከአምስት መቶ በላይ ወንበር ነው።"

"ይሄን ሁሉ ሰው ማን ሾመው?"

"አይሾምም፤ ይመረጣል። አገሩ በምርጫ ክልል ይከፋፈላል፤ ከእያንዳንዱ ክልል አንድ ሰው። ከተወዳደሩት ውስጥ ብዙ ድምፅ ያገኘው ያልፋል። አምስት ዓመት ይቀመጣል።"

"የኛም ሰው አለበት?"

"ሊኖርበት ይገባል" አልኩ። ከዚህ በላይ የማውቀው አልነበረኝም። ቢኖርም ድምፁን ሰምቼው አላውቅም።

አንዲት የወረዳ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ የነበረች ሴት ጨመረችልኝ፤ በየኮሚቴው ተከፋፍለው እንደሚሠሩ፣ የጤና ለብቻ፣ የእርሻ ለብቻ፣ የፍትሕ ለብቻ፤ ሚኒስትር ጠርተው እንደሚጠይቁ፤ አፈ ጉባኤ የሚሉት ሰው ተራ እንደሚሰጥና እንደሚነፍግ። ሌላም ምክር ቤት እንዳለ ነገረቻቸው፤ ብሔረሰቦች የሚወከሉበት፤ ሕግ የማያወጣ፣ ሕገ መንግሥት የሚተረጉም።

"አንዱ ያወጣል፣ አንዱ ይተረጉማል" አለች ጠላ ሻጯ። "የሚፈታን የቱ ነው?"

እኔ ቀጠልኩ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሚኒስትሮቹ እንደሚያውጁት፣ ፓርላማው ከሦስት ሁለት እጁ ካልደገፈው ግን ወዲያው እንደሚወድቅ ነገርኳቸው።

"አልወደቀም" አለች ነፍሰ ጡሯ። ከተኛችበት ነው የተናገረችው፤ እየሰማች እንደሆነ አላወቅንም ነበር።

"አልወደቀም" አልኩ። "ሲያጸድቁት ግን፣ የታሰረውን ሰው የሚያይ ቡድን ከመሐላቸው መርጠው ያቆማሉ። ሕጉ ያስገድዳቸዋል። የሚመጡት እነሱ ናቸው።"

"እጅ አውጥተው አስገቡን፤ እግር አውጥተው ሊያዩን መጡ በይኛ" አለች ጠላ ሻጯ።

እትዬ ሻርፓቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው፣ "ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ከኛ የሚፈልጉት ነገር አለ?" አሉኝ።

"ከኛ ምን ይፈልጋሉ? አይተው ሪፖርት ይጽፋሉ። ሪፖርቱ ለፓርላማው ይቀርባል። ካሜራም ይዘው ይመጣሉ፤ በዜና ይታያል።"

"እንግዲያው መታየት ይፈልጋሉ።"

"አዎ።"

"በደግ መታየት።"

"በክፉማ ማን መታየት ይወዳል?"

"እህ" አሉ።

ተናጋሪዋን ለመምረጥ ተቀመጥን። እኔ በምስጢር ይሁን አልኩ። "አንዳችን የአንዳችን እግር ላይ እየተኛን ምን ምስጢር አለን?" አለችኝ ጠላ ሻጯ። እኔ ግን ድርቅ አልኩ። ሰው ፊት ለፊት እጁን ሲያወጣ የጎረቤቱን ዓይን ነው የሚያይ፤ በምርጫ ጣቢያ አይቼዋለሁ። ስለዚህ የምንወዳደር ሦስት ሰዎች፣ እኔ፣ ጸሐፊዋና ጠላ ሻጯ፣ ፊታችንን ወደ ቆርቆሮው አዙረን ቁጭ አልን። ከኋላችን አንዳንድ ሳህን ተቀመጠ። እያንዳንዷ ሴት ከቤት ከመጣላት ድርቆሽ ቁራሽ ይዛ ትመጣና በመረጠቻት ሴት ሳህን ትጥላለች። ድርቆሽ ሲወድቅ ድምፅ አለው። ከኋላዬ ቆርቆሮ ሳህን ቃ ሲል ልቤም አብሮ ቃ ይላል። ከዚያ ከጎኔ፣ ቃ። ምቀኝነት እንዴት እንደሚይዝ ያን ቀን አወቅሁ።

ሲቆጠር እኔ በለጥኩ።

"ግማሻችንን እንኳ አላገኘሽም እኮ" አለች ጠላ ሻጯ ሳህኖቹን አስተያይታ።

"አያስፈልገኝም። ከሁለታችሁም በልጫለሁ።"

"አንቺን ያልፈለገ ይበዛል።"

"ይበዛል። ግን ተከፋፍሏል።"

"እንዲህ ነው ፓርላማ የሚገባ?"

"እንዲህ ነው የሚገባ።"

"ኧረ ጉድ ነው!" አለችና ድርቆሹን ከሦስቱም ሳህን ሰብስባ በእፍኟ ከተተችው። አንዱን ቁራሽ አፏ ውስጥ ጥላ፣ "በቃ ኮሮጆውን ገለበጥኩት" አለች። መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። ነፍሰ ጡሯም ሳቀች፤ ስትስቅ ራሷን ስለሚያማት ግንባሯን ይዛ ነው የሳቀችው።

ምን ልናገር? ተስማማን። መጀመሪያ እሷ። ሌላው ሁሉ፣ ፍርድ ቤት አለመቅረባችን፣ ወለሉ፣ ስንቁ፣ ከሷ በኋላ ይመጣል። እሷ ዛሬ ሆስፒታል ትሂድ።

ከቀትር በኋላ መጡ። ሁለት ነጭ መኪና ግቢው ውስጥ ገብቶ ጭቃውን አቡክቶ ቆመ። ዝናቡ ካፊያ ነበር። ከበሩ ውጭ፣ ከጣሪያው ጠብታ በታች አሰለፉን። ነፍሰ ጡሯን ደግፈን አወጣናትና ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ሰብሳቢው ሱፍ የለበሰ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ወደ መጋዘኑ ሁለት እርምጃ ጠጋ አለ፤ ሽታው ሲመታው መሐረብ አውጥቶ አፍንጫውን ጠረገ፣ ተመለሰ። አልገባም። እኛ የተኛንበትን ለማየት ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ደጃፉ ላይ ተመለሰ። አብራው አንዲት ሴት አባል ጃንጥላ ይዛ ቆማለች። ካሜራ የያዘው ልጅ ካሜራውን በላስቲክ ሸፍኖታል።

"ውድ ወገኖቻችን" አለ ሰብሳቢው። ምክር ቤቱ እንዳልረሳን፣ የሕግ የበላይነት እንዲከበር ሌት ተቀን እንደሚሠራ ነገረን። ከዚያ "ተወካያችሁ ማናት?" አለ።

ወጣሁ። "ከኛ መሐል ይቺ ነፍሰ ጡር አለች" አልኩ፤ ዓይኑን እያየሁ። "እግሯና ፊቷ አብጧል። ራሷን ያማታል፣ ዓይኗ ላይ ብልጭታ ይመጣባታል። ትሞታለች። ዛሬ ሆስፒታል መሄድ አለባት። ደብረ ማርቆስ እዚህ ነው።"

ሰብሳቢው ወደ እሷ አየ። ራሱን ነቀነቀ። "በጣም ጥሩ። ተይዟል። ሌላስ?"

"ሌላ የለም። መጀመሪያ የዚህን መልስ እፈልጋለሁ።"

"ተይዟል አልኩሽ እኮ፣ እህቴ። በሪፖርቱ ይካተታል።"

"ሪፖርቱ መቼ ነው የሚቀርበው?"

"ምክር ቤቱ ሥራ ሲጀምር።"

"መቼ ነው የሚጀምረው?"

"አሁን እረፍት ላይ ነን። በመስከረም መጨረሻ ይከፈታል።"

ሐምሌ ነበር። ከኋላዬ ያሉት ሴቶች ትንፋሽ ሲስቡ ሰማሁ። የገበሬ ሚስት ናትና ወር መቁጠር ማንም ሊያስተምራት አይገባም፤ ግድግዳውን ተደግፋ የተቀመጠችው ልጅ በጣቷ ጉልበቷ ላይ ስትቆጥር አየኋት።

ጃንጥላ የያዘችው አባል፣ "ለሚመለከተው አካል እናሳውቃለን" አለችኝ፤ ድምፅዋ ለስላሳ ነበር።

"የሚመለከተው አካል ይኸው ቆሟል" ብዬ ኃላፊውን አሳየኋት።

"ከላይ ፈቃድ ያስፈልጋል" አለ ኃላፊው።

"ላይ ማን ነው? እነዚህ አይደሉም?"

"እኛ አናዝም" አለ ሰብሳቢው፤ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው። "የኛ ሥራ መመልከትና ምክረ ሐሳብ ማቅረብ ነው። ሥልጣናችን ይሄ ነው።"

እዚህ ላይ ነው የፈነዳሁት። "እጃችሁን ስታወጡ ታዛላችሁ፤ ስታወርዱት ትመለከታላችሁ!" ብዬ ጮህኩ። "ለማሰር እረፍታችሁን አቋርጣችሁ በአንድ ቀን ተሰብስባችሁ፣ ለማከም መስከረም ድረስ ትተኛላችሁ?" ኃላፊው ክንዴን ይዞ ወደ ሰልፉ መለሰኝ። ጣቶቹ የያዙበት ቦታ ለሳምንት ጠቁሮ ቆየ። እኔን ያናደደኝ ግን ክንዴ አይደለም። ሰብሳቢው አልተቆጣም። ፈገግ አለ፤ ወጣትነት ነው እንደሚል ዓይነት።

ከዚያ ሰዓቱን አየ። "መልካም። እንግዲህ እንደ ባህላችን እናታችን ይመርቁንና እንሰናበት" አለ።

ካሜራው ወደ እትዬ ዞረ። ሰብሳቢው ራሱን ዝቅ አድርጎ ሁለት መዳፉን ዘረጋ። ሴቷ አባል ጃንጥላዋን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ ዘረጋች። ኃላፊው ዘረጋ። ጠባቂዎቹ መሣሪያቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ዘረጉ። ከመኪናው አጠገብ ቆሞ የነበረ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ሾፌር ኮፍያውን አውልቆ ጠጋ አለና እሱም ዘረጋ። ሰልፉ ሁሉ ዘረጋ። የኔም እጅ ራሱ፣ ሳላዘው፣ ተዘረጋ። ተናድጄ መለስኩት።

የእትዬ እጅ ሻርፓቸው ሥር ነው። አልወጣም።

ሰብሳቢው ቀና ብሎ፣ "እናታችን፣ ይመርቁን" አለ፤ ያልሰሙት መስሎት ጮክ ብሎ።

"መንገደኞቹ አልሞላችሁም" አሉ እትዬ።

"ምን አሉ?"

"መንገደኛ ሳይሞላ አይመረቅም። አንዲት ቀርታባችኋለች።" በአገጫቸው ግድግዳው ሥር የተቀመጠችውን አመለከቱ።

ሰብሳቢው ትንሽ ሳቅ አለ። "እሱማ ተይዟል እኮ፣ እናቴ።"

"እንግዲያው የኔም ይያዝ" አሉ።

ከሰልፉ መሐል ጠላ ሻጯ ሳቋ አመለጣት፤ በመዳፏ አፈነችው። ኃላፊው ፊቱ ቀላ። "ሴትዮ፣ መርቂ!" አለ።

"አንቺ" ሲላቸው የገዛ ጠባቂዎቹ አንገታቸውን ደፉ። እናቱ የምትሆን ሴት ናቸው። እትዬ ግን ድምፃቸውን እንኳ አልለወጡም። "ከአፌ ጎትተህ አውጣዋ" አሉት። "ጉልበቱ አለህ አይደል? ክፈትና አውጣው።"

"ይተው፣ ችግር የለም" አለ ሰብሳቢው። መዳፎቹን ሰበሰበ፣ ኮቱን ቆለፈ። "እንሂድ።" ወደ መኪናው ሄደና በሩን ከፈተ። ሾፌሩ ግን ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። ኮፍያው በእጁ ነው፤ ካፊያው በራው ላይ ይወርዳል።

"ምን ሆነሃል? ግባ እንጂ" አለው ሰብሳቢው።

"ወዴት ነው የምንሄድ፣ ጌታዬ?"

"ወደ አዲስ አበባ ነዋ።"

"ዓባይን ነው የምንወርድ።"

"አዎ፤ እና?"

"እምቢ የተባለ ምርቃት ይዤ ዓባይን አልወርድም" አለ ሾፌሩ።

ያንን ቁልቁለት የማያውቅ ሰው ቀልድ ይመስለዋል። በደህናው ዘመን እንኳ መኪና ይበላል። በዚያ ክረምት ደግሞ በየጠመዝማዛው ማን እንደሚጠብቅ የሚያውቅ አልነበረም፤ ወርዶ ያልወጣ ሰው በየሰፈሩ ነበር። ሰብሳቢው የሾፌሩን ፊት አየ፤ ቀልድ አጣበት።

"ግባ ብዬሃለሁ። ይሄ ትእዛዝ ነው።"

"ቁልፉ ይኸው" አለ ሾፌሩ። እጁን ዘርግቶ ያዘለት። "የሚነዳ ካለ ይንዳ። እኔ ልጆች አሉኝ።" የሁለተኛው መኪና ሾፌር መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ቁልፉን የወሰደ ሰው የለም። ዝናቡ ቁልፉ ላይ ይወርዳል።

"ሆስፒታሉ ሩቅ አይደለም" አለ ሾፌሩ ቀስ ብሎ፣ እጁን ሳያጥፍ። "አድርሰናት እንመለሳለን።"

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰችው ጃንጥላ የያዘችው አባል ናት። ምንም ሳትል ጃንጥላዋን አጥፋ ከኋላ ወንበር ላይ የነበረውን ቦርሳዋን ወደ ፊት ወረወረች። ሰብሳቢው ወደ ካሜራው ዞሮ፣ "አጥፋው" አለ። ከዚያ ለኃላፊው፣ "በኛ ኃላፊነት" አለው።

በኛ ኃላፊነት። ሁለት ቃል ናት። ኃላፊው ወደ ላይ አልደወለም፣ ፈቃድ አልጠየቀም፤ "እሺ ጌታዬ" ብሎ መንገድ ለቀቀ። ሥልጣናችን አይደለም ያለው ሰው ሥልጣኑ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ እኔ ስለምነው፣ እኔ ስጮህበት፣ ያቺ ልጅ በጣቷ ስትቆጥር፣ እዚያው ኪሱ ውስጥ ነበር።

ደግፈን አስገባናት። ነጠላዋ ጭቃ ነክቶት ነበር፤ የመኪናውን ወንበር እንዳታቆሽሽ ልትሰበስበው ስትታገል፣ "ተይው፣ ይቆሽሽ" አልኳት። በሩ ሳይዘጋ እትዬ መጡ። እጃቸው ከሻርፓቸው ሥር ወጣ። መዳፋቸው የባለሱቅ መዳፍ ነው፤ ሲባጎና ጆንያ ያደረቀው።

"ማርያም በሽልም ታውጣሽ" አሏት። አላህን እንጂ ሌላ ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም። እሷን ግን በእሷ አፍ መረቋት። "ሁለት ሆነሽ ግቢ። ያጣሽውን አግኚ።" "አሜን" አልን። ወደ ሾፌሩ ዞሩ። "አንተንም መንገዱ እሺ ይበልህ። ቁልቁለቱ ሜዳ ይሁንልህ። ልጆችህ በር ላይ ያግኙህ።" "አሜን" አልን፤ ሾፌሩ ዓይኑን በኮፍያው ጠረገ።

ሰብሳቢው በመኪናው በዚያኛው ወገን ቆሟል። መዳፉ እንደገና ግማሽ ተከፍቶ ነበር፤ ራሱም ያወቀ አይመስለኝም። እትዬ አዩት። እጃቸውን ሻርፓቸው ሥር መለሱና ማንም ግቡ ሳይላቸው ቀድመው ወደ መጋዘኑ ገቡ።

በማግስቱ ለእትዬ ከቤት የሚመጣላቸው ስንቅ እንዳይገባ ታገደ። የተባለ ምክንያት የለም። ከየሳህናችን አካፈልናቸው፤ ጠላ ሻጯ "ኮሮጆ ልገልብጥልዎት" እያለች ታጎርሳቸው ነበር። እኔ ግን አኮረፍኳቸው። እውነቴን ነው። ከልቤ ተናድጄ ነበር።

"መብቷ እኮ ነው፣ እትዬ" አልኳቸው አንድ ቀን። "ሕግ አለ። መብት በልመና ሲሆን ደስ ይላል?"

"መቼ ለመንኩ?" አሉኝ። "ከለከልኩ እንጂ።"

ፊቴን አዙሬ ተኛሁ።

እኔን የለቀቁኝ እንደያዙኝ ነው፤ ሳይናገሩ። "ሂጂ" አለኝ ጠባቂው። እትዬ ከእኔ በኋላ ወጡ። ያቺ ልጅ በመኪናው በሄደችበት ሳምንት ደብረ ማርቆስ በኦፕራሲዮን ተገላግላ ነበር፤ ሴት ልጅ። ሁለቱም ተረፉ። ሐኪሙ አንድ ቀን ብትዘገዪ አልደርስልሽም ነበር ብሏታል። ባሏ እስካሁን አልተገኘም።

ፓርላማው ሲከፈት ሉማሜ ከተማ አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ አውቶቡስ እጠብቅ ነበር። ቴሌቪዥኑ ክፍት ነው። ሰብሳቢውን ወዲያው አወቅሁት፤ ሱፉ ሌላ ነው። ሪፖርት ያነባል። የታሳሪዎች አያያዝ በአብዛኛው መልካም ሆኖ እንደተገኘ አነበበ። ከዚያ፣ "የጤና እክል የገጠማት አንዲት ነፍሰ ጡር ታሳሪ በቡድኑ ክትትል አስቸኳይ ሕክምና እንድታገኝ ተደርጓል" አለ። አፈ ጉባኤው የምትደግፉ አለ፤ እጅ ወጣ፤ የምትቃወሙ አለ፤ የለም፤ ድምፀ ተአቅቦ፤ የለም። በሙሉ ድምፅ።

ተነሳሁ። "ውሸት ነው!" አልኩ ለቴሌቪዥኑ። ሻይ ጠጪው ሁሉ ብርጭቆው ውስጥ አየ። የሻይ ቤቱ ባለቤት ድምፁን ቀንሶ፣ "ልጄ፣ ቀስ በይ" አለኝ። አውቶቡሱ ሲመጣ ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

በገበያ ቀን ቁይ ሄድኩና ለእትዬ ነገርኳቸው። ሱቃቸው ሰው ሞልቶበታል። ክትትል ያሉትን፣ በሙሉ ድምፅ ያጸደቁትን፣ ሁሉንም ቃል በቃል ነገርኳቸው። አብረውኝ የሚናደዱ መስሎኝ ነበር። ለአንዲት ሴት ጫማ እየለኩ፣ "ተገላግላለች አይደል?" አሉኝ።

"ተገላግላለች።"

"ልጅቱም ደህና ናት?"

"ደህና ናት።"

"እንግዲያው ይውሰዱት" አሉ። "እኔ ምን አደርገዋለሁ?"

ተመልሼ ስመጣ መንገዱን ሙሉ ስጨቃጨቃቸው መጣሁ፣ በሆዴ። እሳቸው ሊሰጡ ይችላሉ፤ የሳቸው ስለሆነ። እኔ አልሰጥም። የዚያ አዳራሽ ቃለ ጉባኤ ይጠረዛል፣ ይቀመጣል፤ የዛሬ ሃምሳ ዓመት የሚያነብ ሰው ፓርላማው በክረምት እረፍቱ እንኳ አንዲት ነፍሰ ጡር አልረሳም ይላል። ረስቷታል። ቁይ ገበያ ላይ ጫማ የሚሸጡ አንዲት ሴት አልመርቅም አሉ፤ አንድ ሾፌር ቁልፉን ዘርግቶ ዝናብ ላይ ቆመ። የሆነው ይሄ ነው። እኔ እዚያ ነበርኩ።